ጠዋት ሞተር ሲነሳ ከጭስ ማውጫ ስለሚንጠባጠብ ውሃ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ፔጆ 404 አለችኝ። ከአባቴ የወረስኳት ስለሆነች እሳሳላታለሁ፤ ብዙም አልነዳትም። ባትሪዋ እንዳይሞትና ሞተሯ እንዳይደርቅ ብዬ በየቅዳሜው ጠዋት ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን መሳቢያ) ስቤ አስነሳታለሁ፤ በቆመችበት አሥር ደቂቃ ያህል ከሠራች በኋላ አጠፋታለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ባስነሳኋት ቁጥር ከጭስ ማውጫዋ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ገና እንደተነሳችማ እንደ መትፋት ያደርጋታል። ካጠፋኋት በኋላ ወለሉ ላይ የሰሃን ስፋት ያህል እርጥበት ይቀራል፤ በውስጡም ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉበት። ነጭ ጭስም አብሮ ይወጣል። ያሳየሁት መካኒክ ሞተሩን ሳይነካ፣ ከኋላ ቆሞ አየት አድርጎ «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተር ክፍልና ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ማለቱ ነው። ራዲያተሩን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ውሃው የጎደለ አልመሰለኝም። ቴስታታው ይውረድ ወይስ ልቆይ? ውሃው ከራዲያተር ካልመጣስ ከየት ሊመጣ ይችላል?

መልስ፦ ቴስታታው ገና አይውረድ። በደብዳቤዎ ካሰፈሯቸው ነገሮች መካከል ለጋስኬት መቃጠል በቂ ማስረጃ የሚሆን አንድም የለም። ለሌላ ነገር ማስረጃ የሚሆን ግን አለ፤ እርሱም በየቅዳሜው ስለሚያሠሯት አሥር ደቂቃ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላንሳ። ውሃው የሚመጣው ከቤንዚኑ ነው። ይህን ለመኪና ባለቤቶች ስናገር ብዙዎቹ የቀለድኩ ይመስላቸዋል፤ ቤንዚን ውስጥ ውሃ ተገኘ ማለት ለእነርሱ ማጭበርበር ወይም ብልሽት ነውና። ውሃው ግን ቤንዚኑ ውስጥ ተደብቆ የቆየ ሳይሆን በቃጠሎው ሰዓት የሚፈጠር ነው። ቤንዚን በዋናነት የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሁድ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑ ደግሞ ከዚያው ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል። ቤንዚን ውስጥ ከሚገኙት ውሁዶች አንዱን፣ ኦክቴንን፣ ብንወስድ 114 ግራሙ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 162 ግራም ውሃ ይሰጣል፤ ውሃው ከተቃጠለው ነዳጅ በልጦ መገኘቱ ኦክስጅኑ ከአየር ስለሚጨመርበት ነው። ማደያ የምንቀዳው ቤንዚን የብዙ ውሁዶች ድብልቅ ስለሆነ ስሌቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም አንድ ሊትር ቤንዚን ያቃጠለ ሞተር ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በጭስ ማውጫው አስወጥቷል ማለት ነው። 40 ሊትር ሞልቶ ጉዞ የጀመረ ሰው ከ35 ሊትር በላይ ውሃ መንገድ ለመንገድ እየበተነ ይሄዳል፤ የማያየው በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ ነው።

እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ የሚታየው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ነው። የቤንዚን ሞተር ጭስ በመጠን ከመቶ 13 ያህሉ የውሃ እንፋሎት ሲሆን፣ ይህን ያህል እንፋሎት የተሸከመ ጭስ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በታች የሆነ ብረት ሲያገኝ፣ በሚፈላ ድስት ላይ የተደፋ ቀዝቃዛ ክዳን እንደሚያልበው ሁሉ የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ያልበዋል። ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና የጭስ ማውጫ ደግሞ ከሞተሩ እስከ ጫፉ ድረስ ይህን የመሰለ ቀዝቃዛ ክዳን ነው። ሙቀቱ የሚጀምረው ከሞተሩ በኩል ነው፤ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚቀበለው ብረት) በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እጅ የማያስነካ ሲሆን፣ ከመኪናዋ ሆድ በታች ያለው ቧንቧ ግን ቀስ እያለ ነው የሚከተለው፤ ኋላ ያለው ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሳጥን)፣ በስፋቱም፣ በውስጡ ባሉት ክፍልፋዮችም፣ ከሞተሩ በመራቁም የተነሳ ከሁሉም በመጨረሻ ይሞቃል። መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር፣ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ የሚያልፈው ጭስ ጥቂት ስለሆነ፣ ማርሚታው አሥር ደቂቃ ሙሉ ሠርቶም ጤዛው ከሚቆምበት ሙቀት ላይደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ቅዳሜ ጠዋትዎ እንምጣ። ቾክ የተሳበበት ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት አንድ ተኩል ሊትር ይፈጃል ብለን ብናስብ በአሥር ደቂቃ ሩብ ሊትር ቤንዚን ይቃጠላል፤ ከዚያም አንድ ብርጭቆ ሊሞላ የሚቀርበው ውሃ ይወጣል። ከፊሉ በእንፋሎትነቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ እርስዎ ያዩት ነጭ ጭስ ይህ ነው። ከፊሉ በጫፉ ይንጠባጠባል። የተረፈው ማርሚታው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሞተሩን ሲያጠፉትም ሊያተነው የሚችል ሙቀት ስለሌለ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ይጠብቅዎታል። በሳምንቱ ቁልፉን ሲያዞሩ የመጀመሪያው የጭስ ግፊት የሚያገኘው ይህንን ያደረ ውሃ ነው፤ «እንደ መትፋት ያደርጋታል» ያሉትም ከዚህ የመጣ ነው። ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች ጥላሸት ናቸው፤ ቾክ ሲሳብ ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛ በሙሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ካርቦን ቧንቧው ላይ ይለጠፋል፤ ውሃው ደግሞ አጥቦ ያወጣዋል። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ሥር ነጭ ካርቶን ቢያነጥፉ የሚወድቀው ጠብታ ራሱ ጥርት ያለ፣ ጥቁሩ ብናኝ በላዩ የሚንሳፈፍ፣ ሲደርቅም የጥላሸት ክብ ብቻ ትቶ የሚጠፋ መሆኑን ያያሉ። ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ወይም ሌላ ቀለም ያለው፣ በጣት ሲታሽም የሚያሟልጭ ነገር ከቀረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ለዚህ ምስክር ካስፈለገ ራዲያተር የሌላቸውን መኪናዎች መጥራት ይቻላል። የድሮው ቮልስዋገን ቢትል፣ ሲትሮየን 2ሲቪ እና የመጀመሪያው ፊያት 500 ሞተራቸው የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ የሚያፈስ ራዲያተርም፣ ውሃ የሚያሳልፍ ጋስኬትም የላቸውም። ቢሆንም በቀዝቃዛ ጠዋት ሲነሱ ከጭስ ማውጫቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

መካኒኩ የተናገረው ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። የቴስታታ ጋስኬት ሲቃጠል ወይም ቴስታታው ራሱ ሲሰነጠቅ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቶ በጭስ ማውጫው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስህተቱ ሳይመረምር መፍረዱ ነው። ሁለቱን ነገሮች ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ጊዜ ነው። የቃጠሎው ውሃ ቧንቧው ሲሞቅ ይቆማል፤ ጭሱም ከጫፉ ጥቂት ርቆ ወዲያው አየር ውስጥ ይጠፋል። መኪናዋን መንገድ ላይ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ይንዷት፤ ከዚያም ሳያጠፏት ወደ ኋላዋ ዞረው ይመልከቱ። አየሩ እጅግ ቀዝቃዛ ካልሆነ በቀር ምንም ነጭ ነገር ሊታይ አይገባም። ሞተሩ በሚገባ ሞቆም ወፍራም ነጭ ጭስ መትፋቱን ከቀጠለ፣ ጭሱም ቶሎ ሳይበተን የሚንሳፈፍና ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው ብለው መጠርጠር ይገባዎታል። ጣፋጩ ሽታ የአንቲፍሪዝ ነው፤ የተለመደው አንቲፍሪዝ የሚሠራበት ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ስለሆነ ማንም ሰው ጠብታውን በምላሱ እንዳይሞክር፤ በአካባቢው ውሻና ድመት ካሉም የፈሰሰው ሳይጠረግ አይደር።

ስለ ራዲያተሩ «የጎደለ አልመሰለኝም» ብለዋል። እንደዚህ ባለው ጉዳይ መምሰል አይበቃም። ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ሰዓት ክዳኑን ከፍተው ውሃው የደረሰበትን ቦታ በአንድ ቀጭን እንጨት ለክተው ምልክት ያድርጉበት። ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ እንደገና በቀዝቃዛ ሞተር በዚያው እንጨት ይለኩ። ውሃው ባለበት ከሆነ ሞተሩ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። በትኩስ ሞተር ላይ ክዳኑን መክፈት ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ በግፊት የተያዘው ውሃ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይገነፍላል።

የላይኛውን የራዲያተር ጎማ መዳሰስም ብዙ ይናገራል። ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሳ፣ ገና ውሃው ሳይሞቅ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ጎማው ተነፍቶ ከጠነከረ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው ማለት ነው። በጤናማ ሞተር ላይ ጎማው በመጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ የሚጠነክረው ሙቀት ሲጨምር ብቻ ነው።

እኔ በግሌ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ካንዴላዎቹን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ ነው። መኪናዋ በደንብ ከተነዳች በኋላ ትቀዝቅዝ፤ ከዚያም አራቱንም ካንዴላዎች ፈትተው እንደ ሲሊንደሮቹ ቅደም ተከተል በአንድ ጨርቅ ላይ ይደርድሯቸው። ሁሉም ተመሳሳይ ሆነው፣ ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላ ከወንድሞቹ ይለያል፤ በእንፋሎት ታጥቦ እንደ አዲስ ነጥቶ ይገኛል። ዛሬ ሳይነዷት ቢፈቱ ግን አራቱንም በጥላሸት ጠቁረው እንደሚያገኟቸው ከወዲሁ እነግርዎታለሁ፤ ያም የቅዳሜው ቾክ ሥራ እንጂ የጋስኬት አይደለም። ከዚህ ጋር አንድ ምልክት ልጨምር፤ ጋስኬቱ በትንሹ የሚያሳልፍ ከሆነ ሌሊቱን ወደ ሲሊንደሩ ውሃ ይሰርጋል፤ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ለጥቂት ሴኮንዶች በአንድ ሲሊንደር ጎድሎ እየተንገጫገጨ ከቆየ በኋላ ይስተካከላል። የእርስዎ መኪና ይህን እንደማታደርግ ከደብዳቤዎ እረዳለሁ፤ የምታደርግ ከሆነ ግን ጥርጣሬውን እኔም እጋራለሁ።

በዘይት መሙያ ክዳን ሥር ስለሚገኘው ነጣ ያለ ክሬም መሰል ነገር ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ሄደው እንደሚያዩት አልጠራጠርም፤ አይተውም ይደነግጣሉ። ውሃና ዘይት ተደባልቀው የሚፈጥሩት ነገር ስለሆነ ብዙዎች የጋስኬት መቃጠል የማያጠራጥር ማረጋገጫ ያደርጉታል። ነገር ግን በፒስተኖቹ ጎን አልፎ ወደ ዘይቱ ቋት የሚወርደው የቃጠሎ ጭስም ያንኑ የውሃ እንፋሎት ይዞ ነው የሚወርደው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይመታል። ክሬሙ ክዳኑ ላይ ብቻ ሆኖ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ጥርት ያለ ከሆነ ጠርገው ረጅም መንገድ ይንዷት። የመለኪያው ዘይት ራሱ ከነጣ፣ ወይም መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ግን ሞተሩን እንዳያስነሱት።

ይህ ሁሉ ታይቶም ጥርጣሬ ከቀረ፣ ቴስታታ ሳይወርድ የሚደረጉ ሁለት ምርመራዎች አሉ። አንደኛው ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ የቃጠሎ ጭስ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁለተኛው ራዲያተሩን በእጅ ፓምፕ አየር ሞልቶ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ መጠበቅ ነው። በዚህኛው ላይ መካኒኩን አደራ ይበሉት፤ የዚያ ዘመን መኪናዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ከዛሬዎቹ ባነሰ ግፊት ነው፤ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው በላይ የተሞላ አሮጌ ራዲያተር ብየዳው ይከፈትና ያልነበረ ችግር ይዘው ይመለሳሉ።

አሁን ወደ አሥሩ ደቂቃ። መኪናዋን ለመጠበቅ ብለው የሚያደርጉት ይህ ልማድ ሳያውቁት እየጎዳት ነው። ማርሚታው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ ከነዳጁ ድኝና ከአየሩ ናይትሮጅን የሚፈጠሩ ጋዞች ሟሙተውበት አሲድነት ያለው ውሃ ነው። አሮጌ ማርሚታዎች ከውጭ ደህና መስለው በድንገት የሚበሱት ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበሉ ነው። ሞተሩም ቢሆን አያተርፍም፤ ቾክ ያበዛው ቤንዚን የሲሊንደሮቹን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ቋቱ ይወርዳል፤ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ውሃውም ይጨመርበታል። ባትሪውም ቢሆን እምብዛም አይጠቀምም፤ የዚያ ዘመን ጄኔሬተር በሚኒሞ ሲዞር የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ስለሆነ፣ ሞተሩን ለማስነሳት የወጣውን እንኳ በአሥር ደቂቃ ላይተካ ይችላል።

ስለዚህ ወይ ይንዷት ወይ አያስነሷት። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ አውጥተው ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ ሞተሩ ጭነት ተሰምቶት በሚሠራበት መንገድ ላይ ይንዷት። የሙቀት መለኪያው ቦታውን ስለያዘ ብቻ አይመለሱ፤ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ ማርሚታውም እንዲሁ። ሞተሩ መሞቅ ሲጀምር ቾኩን ቀስ በቀስ ይመልሱ። ለመንዳት ጊዜ የማያገኙበት ወር ከሆነ ባትሪውን በቻርጀር ያቆዩትና ሞተሩን ይተዉት፤ ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ለአንድ ወር መቆም ከአራት ቅዳሜ አሥር አሥር ደቂቃ ይልቅ ይሻለዋል።

ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ግን «ወለሉ ላይ» የሚለው ቃልዎ ነው። መኪናዋን የሚያሠሯት ጣሪያና ግድግዳ ባለው ቦታ ከሆነ፣ በሩ ገርበብ ቢልም እንኳ፣ ይህን ዛሬውኑ ያቁሙ። ቾክ የተሳበበት ካርቡሬተር ያለው ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ድብታ ያመጣል፤ የደበተው ሰው ደግሞ ተነስቶ መውጣት እንዳለበት አያስተውልም። መኪናዋን ወደ ውጭ ገፍተው አውጥተው ያስነሷት፤ ከብዳ መግፋት ካልቻሉ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ያስነሱና ወዲያው ነድተው ይውጡ።

ጥያቄ፦ ለ1972ቱ መኪናዬ ያስገጠምኩት አዲስ ማርሚታ ከሥሩ የክብሪት እንጨት ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚንጠባጠበውም ከዚያ ነው። ሲገዛ ጀምሮ የተበላሸ ነው ብዬ ላስበይደው አስቤያለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እንዳያስበይዱት። ያቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ የተተወች የውሃ መውረጃ ናት፤ ከላይ የተነጋገርንበት ውሃ ማርሚታው ውስጥ ተኝቶ ብረቱን እንዳይበላው የምታደርገው እርሷ ናት። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ስለሆነች ድምፅ አትጨምርም። በጥላሸትና በዝገት ቶሎ ትደፈናለችና በየጊዜው፣ ማርሚታው በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ቀጭን ሽቦ ያስገቡባት። ማርሚታው ሲገጠም ዞሮ ቀዳዳዋ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ከሆነች ጥቅም ስለማትሰጥ፣ በዝቅተኛው ቦታ ላይ መዋሏን ከሥር ገብተው ያረጋግጡ። ጠርዟ ክብ ሳይሆን የተቦጫጨቀ፣ ዙሪያውም በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሆኖ ካገኙት ግን የዝገት ቀዳዳ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሳሳ ብረት ብየዳ ስለማይዝ፣ በአዲስነቱ የዛገውን ማርሚታ ለሸጠልዎ ሰው ይመልሱለት።